ጤቤ የምታነበው ግንባር

ሮቤ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም

ለውዷ ልጄ ለሰሚያ፣

ነጋ ቀብዳ፣ ኢንታላ ኮ? ሰላም ነሽ ወይ ልጄ? ሥራው እንዴት ነው? ያ ድንጋይ የሚያቀልጥ ሙቀትስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዝናቡ ዘግይቶም ቢሆን መጥቷል። ሮቤ ጭቃ በጭቃ ሆናለች፤ ወደ ገበያ ቦት ጫማ ሳያደርግ የወጣ ሰው ወየውለት። እኔም ብርድ ሲሆን ጉልበቴ ይነዘንዘኛል እንጂ ሌላው ጤናዬ ደህና ነው፤ ለሱ እንዳታስቢ።

እናቴ ምን ነካት፣ ስልክ እያለ ወረቀት ትልካለች እንደምትይ አውቃለሁ። በኢሞ ስንገናኝ ገና «አሎ» ሳልል «እማ፣ ፊትሽ እንዴት ያምራል!» ትያለሽ። ከዚያ ኔትወርኩ ይሄዳል። ሲመለስ «ምሳ በላሽ?» ትያለሽ፣ በላሁ እላለሁ፣ አበቃ። ወረቀት ደግሞ መሃል ላይ አይቋረጥም። ፊደሌን ታገሺልኝ፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የቆጠርኩት ነው። እናንተ የተማራችሁበትን ቁቤ እኔ አላውቀውም። ደብዳቤውን ግቢያችን የተከራየችው ነርስ፣ ሲስተር ሰርክአዲስ፣ አዲስ አበባ ስትሄድ ወደ ዱባይ ለሚበር ሰው ትሰጥልኛለች።

ነገሩ ስለ ቀጠሮው ነው። «ዱባይ የወጋችሽ ዶክተር ጓደኛ ቦሌ ክሊኒክ ከፍቷል፤ የመጀመሪያው መርፌ ስለጠፋ ለግንቦት አስመዝግቤሻለሁ» ብለሽ ድምፅሽን ልከሽልኛል። ደጋግሜ ሰማሁት። አልሄድም ልጄ። ደውለሽ ስሜን አሰርዢው። አኩርፈሽ ደግሞ ወረቀቱን እንዳትጥይ፤ ለምን እንደማልሄድ እነግርሻለሁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ከመካ ተመልሰን ቤትሽ በሰነበትኩበት ጊዜ ያደረግሽልኝን መቼም አልረሳውም። አላህ ዑምራሽን ይቀበልሽ፤ እናቷን ካዕባ ፊት ያቆመች ልጅ ከዚህ በላይ ምን ልታደርግ ትችላለች? ታዲያ አንድ ቀን መስታወት ፊት አቁመሽኝ በቅንድቤና በቅንድቤ መሃል ያሉትን ሁለት መስመሮች በጣትሽ እየነካካሽ፣ «እማ፣ እነዚህ ሁልጊዜ የተቆጣሽ ያስመስሉሻል። ገና ሃምሳዎቹ ውስጥ ነሽ እኮ» አልሽኝ። «ተቆጥቼስ ቢሆን በምን አወቅሽ?» አልኩሽ። ሳቅን። በማግስቱ የምትሠሪበት የውበት ክሊኒክ ይዘሽኝ ሄድሽ። ሃራም እንዳይሆን ብዬ ስፈራ፣ «መድኃኒት ነው፣ ከጥቂት ወር በኋላ ራሱ ይጠፋል» ብለሽ አግባባሽኝ። ላንቺ እምቢ ማለት መች አውቄ።

ያቺ ሶርያዊት ዶክተር ትዝ ትልሻለች? «ተቆጪ በያት» አለችሽ፤ የት የት እንደምትወጋ እንዲታያት። ቁጣ በትእዛዝ ይመጣል እንዴ? ሳቅ ሳቅ አለኝ። «ቅቤው ውስጥ ድንች ደባልቃ የሸጠችልሽን ሴትዮ አስቢያት» ስትይኝ ጭራሽ ተንከተከትኩ። ዶክተሯ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች። ያኔ ማንም ሳይነግረኝ ወንድምሽ መጣብኝ። ረዲ ያን ጠዋት ሹራቡን ደርቦ፣ «ዲንሾ ደርሼ እመጣለሁ እማ» ብሎኝ ሲወጣ። ግንባሬ ሳላዘው ተሰበሰበ። ዶክተሯም «ጎሽ፣ እንደሱ ያዢው» ብላ በእስክርቢቶ ነቁጥ ነቁጥ አደረገችበትና እዚያው ላይ ወጋችኝ። አልነገርኩሽም እንጂ፣ ልጄ፣ እዚያ አልጋ ላይ ሆኜ ያለቀስኩት መርፌው አሞኝ አልነበረም።

እዚህ ስመለስ ምን እንደተባለ ሰምተሻል? አልሰማሽም፣ አፍሬ አልነገርኩሽም። ዘምዘሙን ሊቀምሱ፣ ተምሩን ሊበሉ ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። ገና ከበር ሲገቡ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው «ሱብሃነላህ!» ይላሉ። «ፊቷን እዩት! የዑምራው ኑር ወርዶባታል!» ግንባሬ እንደ ሕፃን ግንባር ለስልሶ፣ መስመሩ ሁሉ ድራሹ ጠፍቶ ሲያዩት ሌላ ምን ይበሉ? አንዷ ሶፍ ዑመር ድረስ ሄዳ ተስላ ያልሆነላትን ዱዓ አድርጊልኝ ብላ ጉልበቴን ያዘች። አንዷ የልጇን ራስ አምጥታ አስነካችኝ። እኔ ሻርፔን ወደ ፊቴ እየሳብኩ ዝም። «ኑር አይደለም፣ ሰሚያ ያስወጋችኝ መርፌ ነው» ልበል? ዛሬ እላለሁ ነገ እላለሁ ስል ወሬው ከተማውን አዳረሰ።

ገበያ ደግሞ ጉዴ ፈላ። ከዲንሾ ቅቤ ይዘው የሚመጡት ሴቶች ዋጋ ሲጠሩ ድሮ ቅንድቤን ሰብሰብ ካደረግኩ ራሳቸው ይቀንሱ ነበር፤ አፌን መክፈት አያስፈልገኝም። አሁን በሆዴ እየተቆጣሁ ፊቴ ግን «እሺ፣ ጥሩ ነው» የሚል ይመስላል። እነሱ ደስ ብሏቸው ይቆልሉብኛል። ቤት ስገባ ሲስተር ሰርክአዲስ እያየችኝ ትሰጋለች። ጎጃሜ ናት፣ ነገር በሆዷ መያዝ አይሆንላትም። አንድ ቀን አስቀመጠችኝና፣ «እማማ ሃጂራ፣ እስቲ ፈገግ ይበሉ። እስቲ ሁለት እጅዎን ያንሱ» አለችኝ። ለካ ልጅቱ ስትሮክ የመታኝ መስሏት ነው! ለሷ እውነቱን ነገርኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ፤ ለማንም እንዳትናገሪ ብዬ አስማልኳት።

የሳቅሁት እስከዚያ ድረስ ነው። አሁን ወደ ጤቤ ልምጣ።

ጤቤን አንቺ የምታውቂያት ከአጥር ወዲያ ያለች ጎረቤታችን፣ የነገሪ እናት ሆና ነው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ግን ከእህት በላይ ሆነናል። ረዲና ነገሪ ተያይዘው ነው የሄዱት፤ ከቦሳሶ «ጀልባ ልንሳፈር ነው» ብለው የደወሉትም በአንድ ስልክ፣ እየተቀባበሉ ነው። ከዚያች ቀን ወዲህ ይኸው ሦስት ዓመት አለፈ፣ የመን ይድረሱ፣ ሳውዲ ይግቡ፣ ባሕር ይብላቸው የሚነግረን የለም። መጀመሪያ መጀመሪያ በየቀኑ እንጠያየቅ ነበር። «ተሰማ?» «አልተሰማም።» ቃሉ ራሱ ቁስል ሆነብን። ስለዚህ መጠያየቁን ተውነው። ከሰዓት በኋላ አጥሩ ጋ እንገናኝና ፊት ለፊት እንተያያለን፤ እሷ ግንባሬን ታያለች፣ እኔ ግንባሯን። መስመሩ እንዳለ ካለ ያልተሰማ ነገር የለም ማለት ነው። ከዚያ ስለ ጎመን፣ ስለ እንቁላል፣ ስለ ሰው እናወራለን። በዚህ ነው የኖርነው።

አስቢው እንግዲህ ልጄ። ዓረብ አገር ከርሜ መጣሁ፤ አጥሩ ጋ ሄድኩ፤ ጤቤ ግንባሬን አየችው። መስመሩ የለም። ከንፈሯ ሲደርቅ አየሁት። «እንኳን ደህና መጣሽ» ብላኝ ተምሩን ሳትቀምስ ገባች። እኔ ሞኟ ዑምራውን ቀንታብኝ ነው ብዬ ተቀየምኳት፣ አላህ ይቅር ይበለኝና።

ከዚያ ወዲህ ጤቤ በሌሊት መነሳት ጀመረች። ገና ሱብሂ አዛን ሳይል ግቢዋን ትጠርጋለች። ፍራሿን አውጥታ ታናፍሳለች። የነጠፈውን ሰሌን ታጥባለች፣ ጥቁር ሻርፕ ታስራለች፣ በሯን በርግዳ ትቀመጣለች። እንግዳ ልትቀበል ነው ስል ማንም አይመጣም። «ምነው ጤቤ?» ስላት «ምንም» ትላለች፤ ዓይኗ ግን በኔ ትከሻ ላይ አልፎ መንገድ መንገዱን ያያል። ምን እንደምትጠብቅ አላወቅኩም። እንዴት አላወቅኩም? መርዶ በጠዋት እንደሚመጣ፣ ሽማግሌዎች ተጠራርተው፣ ጋቢ ለብሰው፣ የሰው ቤት ሳይቀሰቀስ ደጅ እንደሚቆሙ የማያውቅ የዚህ አገር ሰው አለ? አንቺም ታውቂዋለሽ፤ አባትሽ አላህ ይዘንለትና ሲሞት አያትሽን በዚያው ሁኔታ ነው ያረዷቸው፤ ደጃቸው ሰው እስኪሞላ ጎረቤት ሁሉ እያወቀ ዝም ብሎ ነበር።

ጥር ላይ ነው። አጎትሽ ዋቆ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ከሱብሂ ሶላት ሲመለሱ፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር ስለነበር ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው፣ የጤቤን በር አንኳኩ። የመጡት ጊደሯ የገብስ ክምራቸውን ስትበላ ስለያዟት ነው፤ ውሰጃት ሊሏት። በሩ ተከፈተ። አጎትሽ «አሰላሙ ዓለይኩም» እንኳን ብለው አልጨረሱም። ጤቤ «ነገሪ! ነገሪ ኮ! ልጄን!» ብላ መሬት ላይ ተፈጠፈጠች። ጩኸቷ መንደሩን አናወጠው። እኔ ባዶ እግሬን ሮጬ ደረስኩ። ሴቱ ተከታትሎ መጣ፤ የሞተው ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ገና ከሩቅ አብሮ ይጮሃል። አጎትሽ መሃል ላይ ቆመው፣ «ኧረ ጊደር ነው! ስለ ጊደር ነው የመጣነው!» ቢሉ ማን ይሰማቸዋል።

ላቅፋት ስል ገፈተረችኝ። «አትንኪኝ!» አለች። «መርዶዬን ይዘሽ ተቀምጠሽ፣ አትንኪኝ!»

«ምን መርዶ ጤቤ? ወላሂ ምንም አላውቅም» አልኳት።

«ከመካ መልስ ምለሽ ትዋሺያለሽ?» አለች። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረች። «ፊቷን እዩት! እናንተ ኑር ነው ትላላችሁ። እኔ ግን ይቺን ግንባር ነው እያየሁ የኖርኩት። ዓረብ አገር ገብታ አርፎ መጣ። ልጇን ባታገኝ የእናት ፊት እንዲህ ያርፋል? የሷ ተገኝቷል። የኔ እንደሌለ ነግሯታል። ሽማግሌ እስኪሰበሰብ ይጠብቃሉ።»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሰሚያ፣ ያንን ሰዓት ለጠላቴም አልመኘው። ውስጤ እየነደደ ነው፤ እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል፤ ግንባሬ ግን እንደተለሰነ ግድግዳ ቀጥ ብሏል። አንዲት መስመር፣ አንዲት ብቻ ወጥታ ብትመሰክርልኝ ምን ነበረበት! በእጄ ቆዳዬን ሰብስቤ ልይዘው ሁሉ ሞከርኩ። ለሰዉ ግን የማለቅስ መስዬ የማሾፍ ነው የመሰልኩት።

ያኔ ተናገርኩ። «ኑር አይደለም» አልኩ። «ልጄንም አላገኘሁም። መርፌ ነው። ሰሚያ ግንባሬን አስወግታኝ ነው። ቦቶክስ ይሉታል።»

አጎትሽ ዋቆ ጠጋ ብለው አዩኝ። «ታመሽ ነው?» አሉ። «አልታመምኩም» አልኩ። «እና መርፌው ለምንድነው?» «እንዳልሸበሸብ» አልኩ። ከኋላ «አስተግፊሩላህ!» የሚል ሰማሁ፤ አንዷም ሳቋ አመለጣት። ያቺ የልጇን ራስ ያስነካችኝ ልጇን ጎትታ ወጣች። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሲስተር ሰርክአዲስ ግን፣ አላህ ያክብርልኝ፣ ሰዉን ገፍታ ገብታ፣ «እውነቷን ነው፤ እንዲህ ዓይነት መድኃኒት አለ። ጡንቻውን ለጊዜው ያሳርፈዋል፣ ኀዘን ቢኖርም ፊት ላይ አይወጣም» ብላ አስረዳች።

ሌላው ሰው አመነ። ጤቤ አላመነችም። «የእናትን ጭንቀት ከፊቷ የሚያነሳ መርፌ?» አለች። «እንዲህ ያለ መርፌ ቢኖር ለኔ መጀመሪያ አታመጪልኝም ነበር?» «ነርሷም ተከራይሽ ናት፣ ያስጠናሻትን ትላለች» አለች። አጎትሽ ዋቆ ሬሳ ሳይኖር፣ ወሬ ሳይሰማ ለቅሶ የለም ብለው ሰዉን በተኑ። ጤቤ ግን ጥቁሯን አልፈታችም። ሰዉም ግራ ገባው፤ ደርሶ «አላህ ያጽናሽ» ይበላት፣ ወይስ «አይዞሽ ይመጣል» ይበላት? አፉ ላይ የመጣለትን እያለ ይመለስ ነበር። ልጇ ይሙት ይኑር ሳይታወቅ በኔ ግንባር የተነሳ በቁሙ ቀበረችው። እኔ እንቅልፍ ያጣሁት ለዚህ ነው እንጂ ለስሜ አይደለም።

«ጤቤ» አልኳት በስንት ልመና ያስገባችኝ ቀን፣ «መርፌው ይጠፋል ብለውኛል። ሲጠፋ ታዪኛለሽ። ደብቄሽ እንደሆነ ያኔ ይለያል።» «አያለሁ» አለች።

ያየችውን አስተያየት! በየቀኑ ትመጣለች። ሻይ ባቀርብ አትጠጣም። ፀሐይ ወዳለበት ታዞረኝና፣ «እስቲ ተቆጪ» ትለኛለች። እቆጣለሁ፤ ጆሮዬ ይንቀሳቀሳል፣ አፍንጫዬ ይነፋል፣ ግንባሬ የለም። ትታኝ ትሄዳለች። እኔም መስታወት ይዤ በየደቂቃው ሽብሽባት ፍለጋ! ሰው ሁሉ እርጅናን ሲሸሽ እኔ ነይልኝ፣ ነይልኝ እላለሁ። በሙቅ ውሃ አሸሁት፣ በቅቤ አሸሁት። ሰርክአዲስን ማርከሻ የለውም ወይ ብላት፣ «ጊዜ ብቻ ነው እማማ» አለችኝ። አንቺ ደግሞ በኢሞ፣ «አሁንም እንዳማረብሽ ነው!» ትይኛለሽ። ቅር እንዳይልሽ አልኩና አልነገርኩሽም።

መጋቢት ገብቶ ነው። ምስር እየለቀምኩ ነበር፣ ጤቤ እፊቴ ተቀምጣለች፣ ሬዲዮ ተከፍቷል። የመን ባሕር ላይ ጀልባ ሰጠመ የሚል ዜና መጣ። ሁልጊዜም ይመጣል፣ አዲስ አይደለም። እጄ ትሪው ላይ ቆመ። ቀና አልኩ። ጤቤ ብድግ አለች፣ ትሪውን ደፍታ፣ ምስሩን ረግጣ መጣች። አውራ ጣቷን በቅንድቦቼ መሃል አድርጋ ጫን አለችኝ።

«መጣ!» አለች። «ሃጂራ፣ መጣ! ይኸው! አታውቂም! ወላሂ አታውቂም!»

ከዚያ ያንን መስመር ሳመችው። ደጋግማ ሳመችው። አለቀስን፣ ሳቅን፣ ደግሞ አለቀስን። ጥቁሩን ሻርፕ ፈትታ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። አየሽ፣ እኔ ልጄን አለማግኘቴ ለሷ የምሥራች ሆነላት፤ እኔም በዚያች ሰዓት ደስ አለኝ። እንደዚህ ያለ ደስታ አላህ ለማንም አይስጥ፣ ግን ደስ አለኝ። በማግስቱ አጥሩ ጋ ተገናኘን። ግንባሬን አየች፤ ግንባሯን አየሁ። ስለ ጎመን አወራን።

ልጄ፣ ቦሌ የማልሄደው ለዚህ ነው። መስመሮቹን ስታዪ እንደሚያሳዝንሽ አውቃለሁ፤ እናትሽ እንድታርፍልሽ ነው የፈለግሽው፤ ይህን መች አጣሁት። ግን ጤቤ ሌላ የምታይበት የላትም። በዚህ ቅር ካለሽ ቅር ይበልሽ፤ ትረሺዋለሽ።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ስንት ቀን እጄ ወረቀቱን እያነሳ ያስቀመጠው ለዚህ ነው።

ድሮ ስትደውዪ መጀመሪያ የምትይው «ከረዲ የተሰማ አለ?» ነበር። ሰላምታውን እንኳ የምታስከትይው ከዚያ በኋላ ነው። ከባለፈው ረመዳን ወዲህ ጠይቀሽኝ አታውቂም። አንድም ቀን። መጀመሪያ ረሳችው አልኩ፤ ወንድምን መርሳት ያንቺ ጠባይ አይደለም። ከዚያ ድንገት የዑምራው ነገር መጣ፤ ስንት ዓመት ሳይሆንልሽ የኖረው በአንድ ወር አለቀ። ከዚያ መርፌው። ከመካ ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ እጅሽን ይዤ፣ «ሰሚያ፣ እዚህ አገር ካሉት ልጆች ስለ ረዲ የሰማሽው የለም?» አልኩሽ። አየሽኝ። ግንባርሽ ጸጥ ያለ ነበር። «የለም እማ» አልሽኝ። ፊትሽን አመንኩና ተኛሁ።

ክሊኒክ ስንሄድ ነው አንቺም እንደምትወጊ ያወቅኩት፤ «እኛ ሠራተኞቹ ሁላችንም እንወጋለን» ብለሽ ሳቅሽ። ያኔ ምንም አልመሰለኝም። አሁን ግን ያ ግንባር ምን ሊሸፍን እንደሚችል በራሴ ላይ አይቼዋለሁ።

መርፌው ብቻ ከሆነ፣ የምታውቂው ነገር ከሌለ፣ «እማ አበድሽ እንዴ» ብለሽ ሳቂብኝ። ደስ እያለኝ ነው የምትስቂብኝ። ሌላ ነገር ካለ ግን፣ ልጄ፣ በስልክ አትንገሪኝ። ኢሞ ላይ ፊትሽን አስተካክለሽ ምሳ በላሽ ወይ አትበይኝ። እንዲህ ያለ ነገር ብቻሽን ተሸክመሽ እዚያ ባዕድ አገር ወዲያ ወዲህ ስትዪ ካየሁሽ ነው የሚብስብኝ። ለአጎትሽ ለዋቆ ንገሪያቸው። እሳቸው ያውቁበታል፣ በጠዋት ይመጡልኛል። የነገሪንም የምታውቂ ከሆነ አብረሽ ንገሪያቸው፤ እኔና ጤቤ በአንድ ቀን እንስማው፣ እንያያዛለን።

ጤቤ ይህን መጠየቄን አታውቅም። ዛሬ ከሰዓት አጥሩ ጋ ቆማ ስትጣራ ሰምቻት ነበር። ራሴን አሞኛል ብዬ አልወጣሁም፤ ካየችኝ ታውቅብኛለች።

አላህ ከክፉ ዓይን ይጠብቅሽ። የምትረግጪው ይለምልም፣ የምትይዢው ይባረክልሽ፣ ያገር ሰው ከጎንሽ አይጥፋ። ምግብሽን በሰዓቱ ብዪ። ዓይኔ ዓይንሽን ሳያይ አይከደን፤ አሚን በይ።

እናትሽ ሃጂራ